«እሺ» የምትለዋ ቃል

እንደምን አመሻችሁ። እዚህ መጥቼ እንዳወራ ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። ከፊት የተቀመጣችሁትን ሳያችሁ ግማሾቻችሁ ላይ ያ የአስታማሚ ድካም ይታየኛል፣ አውቀዋለሁ እሱን ድካም። እኔ ሐኪም አደለሁም፣ ነርስም አደለሁም። ባለቤቴን ሆስፒታል ተኝቶ እያለ ስትሮክ የመታብኝ ሰው ነኝ፣ በቃ ይሄ ነው እዚህ ያመጣኝ። ስለ ሕክምናው የማወራችሁን ሁሉ ያኔ ሐኪሞቹን እየጠየቅኩ፣ ከዛ በኋላም እያነበብኩ የተማርኩት ነው። ልላችሁ የመጣሁት ነገር ባጭሩ ምንድነው፣ ስለ ባላችሁ ወይ ስለ ሚስታችሁ እናንተ የምታውቁት ነገር አለ፣ እሱን ነገር እዛ ሆስፒታል ውስጥ ከናንተ በቀር ማንም አያውቀውም፣ ካልተናገራችሁት ደግሞ ማንም አይጠይቃችሁም።

ባለቤቴ የገባው ለሀሞት ከረጢት ጠጠር ኦፕራሲዮን ነበር። በቀጠሮ፣ ሁለት ሦስት ቀን ተኝቶ ሊወጣ። ልቡ ምቷ የሚዘበራረቅ ሰው ነው፣ ሐኪሞቹ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚሉት፣ ለሱም ደም ማቅጠኛ ይወስዳል። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ደም ማቅጠኛው ለጥቂት ቀን ይቁም ተባለና ቆመ። ይሄ ስህተት አደለም፣ መድኃኒቱ ሳይቆም ኦፕራሲዮን ቢደረግ ደሙ አልቆም ሊል ይችላል፣ ስለዚ ማንንም አልወቅስም። ግን ያኔ ያልገባኝ ነገር፣ የልብ ምት ሲዘበራረቅ የልብ የላይኛው ክፍል በደንብ አይጨመቅም፣ እዛ ጥግ ውስጥ ደም ይተኛል፣ የተኛ ደም ደግሞ ይረጋል፣ የረጋው ቁራጭ ከተነሳ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። መድኃኒቱ የቆመባቸው ቀናት አሉ፣ ኦፕራሲዮን ራሱም ደምን ለመርጋት ያነሳሳል፣ ሰውየው አልጋ ላይ ነው። ይሄን ሁሉ የሰማሁት ከሆነ በኋላ ነው። ቀድሜ ሰምቼው ቢሆን የመጀመሪያዋን ደቂቃ አልጠራጠርም ነበር።

ኦፕራሲዮኑ በደንብ አለቀ። በሁለተኛው ቀን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነቅቶ ቁጭ ብሎ አገኘሁት፣ መነጽሬ የት ነው አለኝ፣ ሰጠሁት፣ ሌሊቱን አጠገቡ ያለው ሰውዬ ሲያንኮራፋ እንዳደረ ነገረኝ። ሳቅን። ከዛ ፊቴን ልታጠብ፣ ልጃችንም ጋር ልደውል ወጣሁ። ስመለስ 1 ሰዓት ከ20 ነው። በጀርባው ተኝቷል፣ ዓይኑ ክፍት ነው፣ ስልኩን በግራ እጁ ይዞታል።

በግራ እጁ። እኔና እሱ ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል፣ ይሄ ሰው ስልክ በግራ እጁ ይዞ አያውቅም። ሌላ ሰው ቢያየው ምን ያያል? የተኛ በሽተኛ ስልክ ይዞ። እኔ ግን ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ወረደ። ምነው ደህና ነህ ስለው «እሺ» አለኝ። ምንድነው እሺ፣ ደህና ነህ ወይ ነው ያልኩህ። «እሺ እሺ።» ቀረብ ብዬ ሳየው የአፉ የቀኝ ጠርዝ ወረድ ብሏል፣ ትንሽ ነው፣ በጣም ትንሽ፣ ግን እኔ ያን ፊት ስንት ዓመት ያየሁት ነው።

ወጥቼ ተረኛዋን ነርስ ጠራኋት። ሲስተር ባለቤቴ ልክ አደለም፣ አልኳት። መጥታ አየችው፣ ጋሼ እንዴት አደሩ አለችው፣ «እሺ» አላት፣ ግፊቱን ለካችው። የማደንዘዣው ድካም ይሆናል፣ የማስታገሻውም መርፌ ያፈዛል፣ ትንሽ ይረፉ፣ አለችኝ። በቅንነት ነው ያለችው፣ እስካሁን አልቀየምኳትም፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትሮጥ ያደረች ልጅ ናት። እኔም ደስ አለኝ እኮ! ድካም ነው ስትለኝ ደስ ብሎኝ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው መስማት የሚፈልገውን ሲሰማ ቶሎ ያምናል። ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጬ ሳየው ነው ቀኝ እጁን አንሳልኝ ያልኩት፣ እጁ አልጋው ላይ እንደተኛ ቀረ፣ ዓይኑ ግን እኔን ያያል። ያኔ ተነስቼ ኮሪደሩ ላይ በጩኸት «ባሌን ስትሮክ መቶታል፣ ሐኪም ጥሩልኝ» አልኩ። ሌላው ጠያቂ ሁሉ ዞረ። ይዙር።

ሐኪሙ ሮጦ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ በሽታው አደለም። «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ያየሽው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አለኝ። 12 ሰዓት፣ ቁጭ ብሎ አወራኝ፣ መነጽሩን ጠየቀኝ። እሱን ሰዓት ወዲያው ጻፈው። ለምን እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው፣ አብዛኛው የደም ስር በረጋ ደም ሲዘጋ ነው፣ ቀሪው ደግሞ ስሩ ፈንድቶ ሲደማ ነው። ከውጪ ስታዩት ሁለቱ አይለዩም፣ የሚለየው ሲቲ ስካን የሚሉት የጭንቅላት ራጅ ነው፣ ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። ለተዘጋው የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በደም ስር ይሰጣል፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ጥናት በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ እንደሚረዳ አሳየ፣ በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ አራዘመው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ሰው ካወቀበት ጊዜ አደለም፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ከታየበት ነው። ስለዚ እኔ ባላስታውስ ኖሮ፣ ወይም «እኔንጃ፣ ማታ ደህና ነበር» ብል ኖሮ፣ ሰዓቱ ከማታ ጀምሮ ይቆጠር ነበር።

ለኛ ያ መድኃኒት አልሆነም። ከሁለት ቀን በፊት ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ላይ መስጠት ቁስሉን ሊያደማው ይችላል ተባለ። ሆስፒታል ተኝተው ስትሮክ የሚመታቸው ሰዎች ብዙዎቹ እዚህ ጋ ነው የሚቸገሩት፣ ያስተኛቸው ነገር ራሱ መድኃኒቱን ይከለክላቸዋል። ግን ሁለተኛ መንገድ አለ፣ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ አንጎል ስር ድረስ ወስደው የረጋውን ደም ጎትተው ማውጣት። ይሄ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጡ ጥናቶች ነው በደንብ የተረጋገጠው፣ በ2018 ደግሞ በምርመራ ተመርጠው ለሚሆኑ ሰዎች እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊሠራ እንደሚችል ታየ። ሁሉ ሆስፒታል ውስጥ የለም፣ ለሁሉም ሰው አይሆንም፣ ለኛ ግን ነበር፣ ሆነም። በግራ በኩል ካለው ትልቅ ስር የረጋውን አወጡለት። እግዚአብሔር ይመስገን።

ግን እዛ መሃል የጠፋችው ግማሽ ሰዓት አለች። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ስሌት አለ፣ ትልቅ የአንጎል ስር ሲዘጋ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴል ይሞታል ይላል። በየደቂቃው! እኔ ይሄን ሳነብ ያቺን ሩብ ሰዓት ወንበር ላይ የተቀመጥኩባትን አስቤ በእንባ ታጠብኩ። አሁን ይሄን የምነግራችሁ እንዲጸጽታችሁ አደለም፣ እንዳትቀመጡ ነው።

ሰው ምን ያስባል፣ ሆስፒታል ውስጥ ስትሮክ ቢመታው እኮ ከቤት ይሻላል፣ ሐኪሙ እዛው ነው። እኔም እንደዛ ነበር የሚመስለኝ። ሲጠና ግን ተኝተው የሚታከሙ ሰዎች ላይ ስትሮክ ከውጪ በድንገተኛ ከሚመጡት ዘግይቶ ነው የሚታወቀው። ምክንያቱ ከባድ አደለም ሲያስቡት፣ ከቤት የሚመጣ ሰው በር ላይ ሲደርስ ስትሮክ ነው ተብሎ ነው የሚመጣው፣ ተኝቶ ያለው ግን ስም አለው፣ «የሀሞት ጠጠሩ»፣ «የጉልበቱ»፣ «የልቡ»፣ አዲስ ነገር ሲመጣ ሁሉም በዛ ስም ነው የሚተረጎመው። ፈዘዘ፣ ማደንዘዣው ነው። አላወራም፣ ደክሞት ነው። ደግሞ የተኛ ሰው አይራመድም፣ እግሩ መዛሉ በምን ይታወቃል? ከብርድ ልብስ ስር ያለ እግር ነው።

ስለዚ አጠገቡ ስትቀመጡ እንደው በጨዋታ መሃል እያያችሁት። ፈገግ በልልኝ፣ ሁለቱም ጉንጭ እኩል ይነሳል ወይ። ዓይኑን ጨፍኖ ሁለት እጁን ዘርግቶ አስር እስኪቆጠር ይያዝ፣ አንዱ ይወርዳል ወይ። አንድ አረፍተ ነገር ከኔ ጋ በል፣ ምላሱ ይተሳሰራል ወይ፣ ቃል ይጠፋበታል ወይ። ድንገት ዓይኔ አላይ አለኝ፣ አንዱን ነገር ሁለት አየሁ፣ ዞረብኝ፣ ሚዛኔን ሳትኩ ካለም እንደዛው። ከነዚህ አንዱን በድንገት ካያችሁ «ልክ አደለም» አትበሉ፣ እኔ የተሳሳትኩት እዛ ላይ ነው፣ ልክ አደለም የሚለውን ቃል ነርሶቹ በቀን መቶ ጊዜ ይሰሙታል። «ስትሮክ ይመስለኛል፣ በዚህ ሰዓት ደህና ነበር» በሉ። ስትሮክ የሚለውን ቃል በአፋችሁ ጥሩት፣ ሰዓቱን ጨምሩበት። ካልሰሟችሁ ሁለተኛ ንገሯቸው፣ አሁንም ካልሰሟችሁ ኮሪደር ላይ ጩኹ። ባይሆን እንኳ ይቅርታ ጠይቃችሁ ትመለሳላችሁ፣ ምንም አይጎድልባችሁም። እስኪመጡ ድረስ ደግሞ ውሃም አትስጡት፣ አስፕሪንም ቢሆን ከቦርሳችሁ አውጥታችሁ አትስጡት፣ የሚደማው ዓይነት ከሆነ ታባብሱታላችሁ፣ መዋጥ አቅቶትም ሊሆን ይችላል።

መዋጥን ካነሳሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግማሽ ያህሉ የስትሮክ በሽተኞች የመዋጥ ችግር አለባቸው ይባላል፣ ከላይ ሲያዩት አይታወቅም፣ ምግቡ ወይም ውሃው ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ያመጣል። እኛ ጋ የሆነው፣ አንድ ወዳጃችን ሊጠይቅ መጥቶ ከንፈሩ ደርቋል፣ እንዴት ውሃ ይነፈጋል ብሎ በኩባያ ሊያጠጣው ሲል ደረስኩበት። ከፍቅር ነው፣ ይገባኛል፣ ሰው ለታመመ ሰው ውሃ ከመስጠት ሌላ ምን ያውቃል። ግን እስኪመረመር ድረስ በአፉ ምንም አይገባም ከተባለ አይገባም፣ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ማራስ ይቻላል፣ እሱንም ጠይቃችሁ።

ሌላ የተጣላሁበት ነገር የደም ግፊቱ ነው። ማሽኑ ላይ 170 አየሁ፣ ሰዓት ቆይቼ ሳይ 165፣ እኔ ደሞ ስትሮክ የሚያመጣው ግፊት ነው ሲባል ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ለምን አታወርዱለትም ብዬ ሐኪሙ ላይ ጮህኩበት። ጎበዝ ልጅ ነው፣ አልተቆጣም፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠና አስረዳኝ። ከሞተው ክፍል ዙሪያ ያለው የአንጎል ክፍል ገና ነፍስ አለው፣ ደም የሚደርሰው በዚህ ግፊት ተገፍቶ ነው፣ ቶሎ ዝቅ ካደረግነው እሱንም እናጣዋለን፣ ከዚህ በላይ እንዳይሄድ ግን እየጠበቅነው ነው፣ አለኝ። ደም የፈሰሰበት ዓይነት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነው፣ እሱን ቶሎ ያወርዱታል። ከዛ ቀን ጀምሮ ጥያቄዬን ቀየርኩ። በፊት ሐኪም ባየሁ ቁጥር «ይድናል?» ነበር የምለው፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይሄን የሚመልስ ሐኪም የለም፣ የሚመልስላችሁም ካለ እርግጠኛ ሆኖ አደለም። «ዛሬ የምትሰጉት ነገር ምንድነው? እኔስ ምን ልይላችሁ?» ማለት ስጀምር ግን መልስ አገኘሁ። አንጎሉ እንዳያብጥ ነው የምንሰጋው አሉኝ፣ ከፍ ያለ ስትሮክ ላይ እብጠቱ የሚበረታው ከሁለተኛ እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፣ ከእንቅልፉ አልነቃ ካለሽ፣ ካስታወከ፣ ከበፊቱ ከፈዘዘ ጥሪን አሉኝ። ሥራ ሰጡኝ ማለት ነው። ሥራ የተሰጠው አስታማሚ ኮሪደር ላይ ከሚንከራተተው ይሻላል።

አሁን ወደ «እሺ» ልምጣ፣ እኔ በእውነት ዛሬ የመጣሁት ስለሷ ለማውራት ነው።

ባለቤቴ ያቺ ቃል ብቻ ነበር የቀረችው። ስሜን ሲጠራኝ «እሺ»፣ ሲያመው «እሺ»፣ ሲናደድ «እሺ!»፣ ሽንት ሲፈልግ «እሺ እሺ»። እኔ አእምሮው ሄደ ነው ያልኩት። ይሄን ስሜት እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሰውየው እፊታችሁ ተኝቶ ለሱ ታለቅሱለታላችሁ፣ በቁሙ። አፌዥያ ይባላል የሱ፣ የቋንቋው ቦታ ሲጎዳ፣ ብዙ ሰው ላይ የቋንቋ ቦታ ያለው በግራው የአንጎል ክፍል ነው፣ ግራው ደግሞ ቀኝ እጅና ቀኝ እግርን ነው የሚያዘው፣ ለዛ ነው ቀኙ የዛለው ሰው ብዙ ጊዜ አንደበቱም አብሮ የሚያዘው። እ.ኤ.አ. በ1861 ፈረንሳይ ውስጥ ፖል ብሮካ የሚባል ሐኪም አንድ በሽተኛ ነበረው፣ ሰውየው ምንም ቢጠየቅ «ታን» ብቻ ነበር የሚለው፣ የሚባለውን ግን ይረዳ ነበር። ሲሞት አንጎሉ ሲታይ ጉዳቱ በግራው የፊት ክፍል ላይ ተገኘ። ይሄን ሳነብ እንዴት እንደተጽናናሁ አልነግራችሁም። ከመቶ ስልሳ ዓመት በፊት የነበረ ሰው፣ ልክ እንደኔ ባል፣ አንዲት ቃል ይዞ። ቃሉ ነው እንጂ ሰውየው አልሄደም።

አራተኛው ቀን ላይ ይመስለኛል፣ ነርሷ ማስታገሻ ልትሰጥ መጥታ ያምዎታል ወይ ጋሼ ትለዋለች፣ «እሺ» ይላታል ለስለስ አድርጎ፣ እንግዲህ እሺ ካሉ ደህና ናቸው ብላ ልትሄድ ስትል ግንባሩን አየሁት። ባለቤቴ ሲያመው በቅንድቡ መሃል አንዲት መስመር ትወጣለች፣ ሌላ ጊዜ የለችም። ሲስተር አሞታል አልኳት። «እሺ» አሉኝ እኮ አለች። እሺ ሲል እሺ ማለቱ አደለም አልኳት። ያን ቀን ነው ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፌ ከራስጌው የለጠፍኩት፦ የሚባለውን ይሰማል ይረዳልም። «እሺ» ማለት አዎ ማለት አደለም። ግራ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ካደረገ አዎ ነው፣ ወደ ታች ካደረገ አይ ነው። ካለ መነጽር አያይም። በቅንድቡ መሃል መስመር ከወጣች አሞታል። ሲያወሩት ከፊቱ ይሁኑ።

ይሄ ወረቀት ከሠራሁት ሁሉ ትልቁ ነገር ነው። ተረኛ ይቀየራል፣ ሌሊት ሌላ ሰው ይመጣል፣ ወረቀቷ ግን አትቀየርም። ነርሶቹም ወደዷት፣ አንዷ ራሷ ጨመረችበት፣ የዛለ ቀኝ ክንዳቸውን ይዘው አይጎትቱ ብላ። እውነቷን ነው፣ ጡንቻው ሲዝል ትከሻው ከቦታው ሊለቅ ይችላል፣ እኛ ደግሞ ብብቱን ይዘን ነበር ወደ ላይ የምንስበው፣ ስንት ቀን አሠቃይተነዋል መሰላችሁ።

ስታወሩት ደግሞ፣ አትጩኹበት፣ ጆሮው አልተጎዳም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፣ አዎ ወይም አይ ተብሎ የሚመለስ፣ ከዛ ዝም በሉ። ዝም ማለት ከባድ ነው፣ እኔ መጀመሪያ «ውሃ ነው? ትራሱ ነው? ብርድ ነው? ልጅቷ ናት?» እያልኩ ስደረድርበት ዓይኑን ይጨፍን ነበር፣ ተናዶ መሰለኝ፣ ለካ አንዱን ሳይጨርስ ሌላው እየመጣበት ነው። ንግግር የምታለማምደው ባለሙያ፣ ስፒች ቴራፒስቷ፣ ናት ያሳየችኝ፣ ጠይቂው፣ በልብሽ እስከ አስር ቁጠሪ አለችኝ። ቲቪውን ዝጉ፣ ጠያቂው አንድ አንድ ይግባ። ደግሞ ልጅ እንደሚያናግሩት አታናግሩት፣ ትልቅ ሰው ነው።

አንድ ቀን ልጃችን እግሩን እያሸችለት ፊዚዮቴራፒስቱ እንዳሳያት እያጠፈች እየዘረጋች «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ስትል «አራት» አላት። እጇን ከእግሩ ላይ አነሳች። «አምስት፣ ስድስት» ብሎ እስከ አስር ሄደ። ኮሪደሩ ተናወጠ በኛ ጩኸት። ከዛ ስሜን ጥራ ስለው «እሺ»። ያን ቀን ከደስታዬ የወደቅኩበት ከፍታ በጣም ነው ያመመኝ፣ ስለዚ አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ቁጥር፣ የሳምንቱ ቀናት፣ በቃሉ የያዘው ጸሎት፣ የድሮ ዘፈን፣ እነዚህ ሳይታሰቡ የሚወጡ ናቸው፣ ንግግር የጠፋበት ሰው ላይም ይተርፋሉ፣ አስቦ ቃል መርጦ ማውጣት ሌላ ነው። ዜማን ይዞ ወደ ንግግር የሚሄድ የሕክምና ዘዴም አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የታወቀ፣ ለአንዳንድ ሰው ይሠራል። እኛም ሞክረነዋል። ያቺ አራት ግን ተመልሶ መጣ ማለት አልነበረችም፣ በሩ አልተዘጋም ማለት ነበረች፣ እሱም ትልቅ ነገር ነው።

ድንገት ማልቀስም ነበረው። አንድ የሚያውቀው ሰው ሲገባ ይንሰቀሰቃል፣ ከዛ ወዲያው ያቆማል። አንጎል ሲጎዳ ስሜትን የሚገታው ነገር ይላላል፣ እንባው ካዘነው በላይ ይፈሳል። ይሄ አንድ ነገር ነው፣ ድብርት ሌላ ነው፣ ከሦስት ሰው አንዱን ያህል ከስትሮክ በኋላ ድብርት ይይዘዋል፣ እሱ ጸጥ ያለ ነው፣ አይጮህም፣ ዝም ብሎ ወደ ግድግዳ ዞሮ መተኛት፣ ልምምድ አልፈልግም ማለት ነው። ሰነፈ አትበሉት፣ ለሐኪሙ ንገሩ፣ ይታከማል።

ስለ ራሴ ብዙ ማውራት አልፈልግም ነበር ግን ልጃችን ካልተናገርሽው ውሸት ይሆናል ብላኛለች። ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ አደርኩ፣ አራተኛው ቀን ላይ ሐኪሙ ሲያወራኝ ከንፈሩን እንጂ ድምጹን አልሰማም፣ ምን አለ ብባል አላውቅም። እህቴ መጥታ ተነሺ አለችኝ፣ አልነሳም አልኳት፣ ምክንያቱም ባለፈው ስወጣ ነው የመታው። ይገባችኋል? ለአንድ ሰዓት ከ20 ስለወጣሁ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ያቺን ጠዋት ስንቴ መልሼ ኖርኳት፣ ባልደውል፣ ፊቴን ባልታጠብ። አንድ ሌሊት ደግሞ በሱ ተናደድኩ፣ ተኝቶ እያየሁት፣ እንዴት እንደዚህ ታደርገኛለህ ብዬ፣ ከዛ በራሴ አፍሬ አለቀስኩ። ይሄ ሁሉ ይመጣል። አስታማሚ መልአክ አደለም።

እህቴ ምን አደረገች፣ ቀኑን ለሦስት ከፈለችው፣ ሌሊቱን ለወንድሙ ሰጠችው፣ ደብተር ገዛችልኝ፣ ሐኪሙ ያለው ሁሉ እዛ ላይ ይጻፋል፣ የሚቀያየረው ሰው ያነበዋል። የዘመዱን ስልክ ሁሉ ደግሞ ወደሷ አዞረችው፣ እኔ ለአርባ ሰው አርባ ጊዜ «አይ ገና ነው፣ እንደዛው ነው» ማለት ገድሎኝ ነበር። ምን ልርዳሽ ለሚሉ ሰዎችም ምንም አያስፈልግም ማለቴን አስቆመችኝ። አንተ ነገ ከ8 እስከ 10 ሰዓት አጠገቡ ተቀመጥ፣ አንቺ ልብሱን እጠቢ፣ በቃ እንደዚህ ነበር የምትላቸው፣ ሰዎቹ ደግሞ ደስ ይላቸው ነበር፣ ምን እንደሚሠሩ ጠፍቷቸው ነው እንጂ።

ጠያቂን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሰው መጥቶ ከአልጋው ግርጌ ቆሞ፣ ባለቤቴ ዓይኑ ተከፍቶ እያየው፣ «እንግዲህ ምን ቀረው፣ እግዚአብሔር ያሳርፈው» አለ። ለኔ ማዘኑ ነው። ከስምንት ወር በኋላ ባለቤቴ ቃል በቃል እየፈለገ፣ ሰውየውን በእጁ አሳይቶኝ፣ «እሱ... ምን ቀረው... አለ» አለኝ። ስምንት ወር ይዞት ነበር። ያኔ ነው እያንዳንዱን ቀን ወደ ኋላ ሄጄ ከአልጋው በላይ ምን ምን እንዳወራን ያሰብኩት። ወረቀቷን እስቲ አስቡት፣ የሚባለውን ይሰማል ይረዳልም ብዬ ለነርሶቹ ጽፌ ለጠያቂዎቹ ግን አላነበብኩላቸውም።

ስለ ልምምድ ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ ብዬ እገምታለሁ። መጀመሪያ እኔ ቶሎ ካልተነሳ ይደርቃል ብዬ በነጋታው አስነሱልኝ ስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ፣ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ በብዛትና በኃይል ማስነሳት ጠቃሚ አልሆነም፣ እንዲያውም ውጤቱ አነሰ። ከዛ በኋላ ትንሽ ትንሽ፣ ደጋግሞ። ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው የሚታየው፣ ግን ሦስት ወር ሲሞላ በሩ ይዘጋል የሚላችሁን አትስሙ፣ የኛ ሰው የቀኝ እጁ ጣቶች የተንቀሳቀሱት በአምስተኛው ወር ነው፣ ንግግሩ ደግሞ እስከዛሬ እየመጣ ነው።

ከመውጣታችን በፊት ባለው ቀን ነርሷ አንቺ ከአልጋ ወደ ዊልቸር አውርጂው፣ እኔ ቆሜ አያለሁ አለችኝ። ፈራሁ። ሦስቴ አስደገመችኝ። ይሄን ሳትለማመዱ እንዳትወጡ፣ ለምኑ፣ ጀርባችሁንም እሱንም ታተርፋላችሁ። የደም ማቅጠኛውንም ነገር፣ መቼ እንደሚጀምር፣ ማን እንደሚያዘው በጽሑፍ ይዛችሁ ውጡ፣ ከስትሮክ በኋላ ወዲያው የሚጀመር አደለም፣ እንደ ጉዳቱ መጠን ቀኑን ሐኪሙ ነው የሚወስነው፣ ረስታችሁት እንዳይቀር ግን። ለሚቀጥለው ኦፕራሲዮን፣ ካለ ማለቴ ነው፣ መድኃኒቱ ይቁም ሲባል «ቆሞ ባለበት ጊዜ ምን ልይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ይቺን ጥያቄ አልጠየቅኩም ነበር።

ሰዓቴን ጨረስኩ መሰለኝ። አሁን ጥያቄ ካላችሁ እዚሁ ነኝ። ባለቤቴም መጥቷል፣ እዛ ኋላ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው፣ እሱንም መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ጠይቁኝ ብሏል። ግን አንድ በአንድ፣ ከፊቱ ሆናችሁ፣ ጠይቃችሁት ጠብቁት። ዝምታው ረዘመ ብላችሁ እኔን አትዩኝ።